እስከ መቃብር፣ ከመቃብርም ወዲያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በፍኖተ ሰላም የቀረበ ንግግር)



ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ ማንኩሳን ሳያይ አያልፍም። ማንኩሳ በመልኳ ከሌሎቹ የጎጃም የመንገድ ዳር ከተሞች ብዙ አትለይም። ቆርቆሮ ክዳን ቤቶች፣ በርበሬና በቆሎ የሚሸጥበት ገበያ፣ ከዛፎች መካከል ብቅ ያለ ቤተ ክርስቲያን ይታይባታል። ይሁን እንጂ ከተሳፋሪዎቹ መካከል መጽሐፍ ያነበበ ሰው ካለ በመስኮት ዐይኑን ልኮ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ልጅ የተወለደበትን ቤት ይፈልጋል። ቤቱ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም፤ ልጁም ከሐዲስ ዓለማየሁ ብዕር በቀር እናት አልወለደውም። ስሙ በዛብህ ቦጋለ ነው። ከሥጋ ለባሽ ተወላጆቿ ሁሉ ይልቅ ባልኖረ ሰው የታወቀች ከተማ በራሷ ትንሽ እንግዳ ነገር ናት፤ የዛሬው ንግግርም ስለ እንግዳ ነገር ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ ብዙ ተጽፎለታል፤ ብዙም ተብሎለታል። ከአስተያየቶቹ ሁሉ የጸናው መጽሐፉ የባላባቱን ሥርዐት ገመና የገለጠ የማኅበራዊ ሂስ ሥራ ነው የሚለው ነው። በተለይ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የጉዱ ካሣ ነቀፌታ፣ የአበጀ በለውና የገበሬዎቹ ዐመፅ በየትምህርት ቤቱ መወያያ ሆነው ኖረዋል። ይህ ንባብ ስሕተት ነው ሊባል አይችልም፤ መጽሐፉ በእርግጥ ይህን ሁሉ ይዟልና። ጉድለቱ ለፍቅሩ በሚሰጠው ቦታ ላይ ነው። ፍቅሩ መራራ መድኃኒት እንዲዋጥ እንደ ተጨመረ ማር ይቆጠራል። ተማሪው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ላይ ከንፈሩን ከመጠጠ በኋላ ወደ ዋናው ቁም ነገር፣ ማለት ወደ ሥርዐቱ ትንተና፣ እንዲመለስ ይነገረዋል።

የዚህ ንግግር ሐሳብ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከሁሉ የከበደው፣ ከሁሉም የሚያስፈራው ነገር ፍቅሩ ራሱ ነው። ይህንንም አጥርቶ ለማየት በሩቅ አገር የተሠራ፣ በመጀመሪያ ሲታይ ከጎጃም ጋር ምንም የማይገናኝ አንድ እንግዳ ፊልም ይረዳል።

ፊልሙ «አቢስሞስ ደ ፓሲዮን» ይባላል። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የፍቅር ገደል» ቢባል ከትርጉሙ ብዙ አይርቅም፤ የዐባይን በረሃ ወርዶ ለወጣ ጎጃሜም ገደል የሚለው ቃል ማብራሪያ አያሻውም። አዘጋጁ ስፔናዊው ሉዊስ ቡኙኤል ሲሆን በሜክሲኮ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1954 ለተመልካች ቀረበ። ታሪኩ የተወሰደው እንግሊዛዊቷ ኤሚሊ ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ካሳተመችው «ዋዘሪንግ ሃይትስ» ከተባለው ልብ ወለድ ነው።

ቡኙኤል በወጣትነቱ በፓሪስ ከነበሩት ሱሪያሊስቶች አንዱ ነበር። ሱሪያሊስቶች የሚባሉት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተነሡ፣ የሕልምንና የምኞትን እውነት ከዕለት ተዕለቱ እውነት ጋር ለማዋሐድ የደከሙ ባለቅኔዎች፣ ሠዓልያንና የፊልም ሰዎች ናቸው። መሪያቸው አንድሬ ብረቶን እ.ኤ.አ. በ1937 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ «ያበደ ፍቅር» ነው። በእነርሱ ዘንድ ያበደ ፍቅር የሚታከም ሕመም አልነበረም፤ ሰው ከቤተሰብ፣ ከንብረትና ከሹም ትእዛዝ የሚያመልጥበት በር ነበር። ቡኙኤልም እ.ኤ.አ. በ1930 በሠራው «ወርቃማው ዘመን» በተባለው ፊልሙ ሁለት ፍቅረኞች እንዳይገናኙ የተከበሩ ሰዎች ሁሉ ሲረባረቡ አሳይቶ ፓሪስ ውስጥ ሁከት አስነሥቷል፤ ፊልሙም ታግዷል። የብሮንቴን መጽሐፍ ወደ ፊልም ለመለወጥ ከአንድ ባልንጀራው ጋር ጽሑፍ ያዘጋጀው በዚያው ሰሞን፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ገንዘብ የሚያወጣለት ሰው ግን አልተገኘም። ጽሑፉ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ፤ ቡኙኤልም በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ከአገሩ ተሰድዶ ሜክሲኮ ገባ።

በመጨረሻ ዕድሉ ሲገኝም እንደ ምኞቱ አልሆነለትም። አስቀድመው ለሌላ፣ ለዘፈንና ለፌዝ ፊልም የተቀጠሩ ተዋንያን ተሰጡት። ሙዚቃው ከቫግነር «ትሪስታንና ኢዞልዴ» የተወሰደ ሲሆን ከመጠን በላይ ይጮኻል፤ ቡኙኤል ራሱ ኋላ በዚህ አለመደሰቱን ተናግሯል። እንግዲህ ፍጹም ሥራ አይደለም። አንዳንዱ ትርኢት የተጋነነ ነው፤ አንዳንዱ ንግግር በተዋናዩ አፍ ውስጥ ያልበሰለ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ብዙ ያማሩ ፊልሞች ከዐይን ሲጠፉ ይህ ሻካራ ፊልም ከአእምሮ አይጠፋም።

ፊልሙ የሚከፈተው በደረቀ ዛፍ ላይ በሰፈሩ ጥንብ አንሣዎች ነው። ጥይት ይተኮሳል፤ አሞሮቹ ይበተናሉ። ተኳሹ አዳኝ ወይም ዘበኛ አይደለም፤ የቤቱ እመቤት ካታሊና ናት። ባሏ ኤድዋርዶ በቤት ውስጥ ተቀምጦ ቢራቢሮና ነፍሳት በመርፌ እየወጋ በሳጥን ይደረድራል። በዚህ በአንድ ትርኢት ብቻ ተመልካች የትዳሩን ነገር ይረዳዋል፤ የሚደረድር ባልና የምትተኩስ ሚስት። በማዕበሉ ሌሊት አሌሃንድሮ ይመጣል። ይህ ሰው በካታሊና አባት ቤት በአሽከርነት ያደገ፣ ከእርሷ ጋር በልጅነት የተሳሰረ፣ ተዋርዶ የሄደና ሀብታም ሆኖ የተመለሰ ነው። በር አንኳኩቶ አይጠብቅም፤ መስኮት ሰብሮ ይገባል። እርሷም የሌላ ሰው ልጅ አርግዛ እያለች ለባሏ እኅት ለኢሳቤል ፍቅሯን ሳትሸሽግ ትነግራታለች፤ አሌሃንድሮን ከነፍሷ መዳን አስበልጣ ትወደዋለች።

ይህ ቃል ለምዕራባዊው ተመልካች የግጥም ማሳመሪያ ሊመስል ይችላል። ጾም በሚጾምበት፣ ንስሐ በሚገባበት፣ ሰው በነፍስ አባቱ ፊት በሚንበረከክበት አገር ግን እንዲህ ያለውን ነገር የሚናገር ሰው የሚያስደነግጥ ሰው ነው። ፊልሙን ለመረዳት ከፓሪስ ይልቅ ቡሬ ይቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቡኙኤል ፍቅሩን አያስውበውም። አሜሪካዊው ዊሊያም ዋይለር እ.ኤ.አ. በ1939 ይህንኑ መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲለውጥ ፍቅረኞቹን በአበባማ ኮረብታ ላይ አንሸራሽሮ በመጨረሻ ነፍሳቸውን በበረዶ ላይ ጎን ለጎን ያስኬዳቸዋል፤ ተመልካች መሐረቡን አውጥቶ ዕንባውን ይጠርጋል፤ ተጽናንቶም ይወጣል። በሜክሲኮው ፊልም ውስጥ መጽናኛ የለም። አሌሃንድሮ ኢሳቤልን የሚያገባት ስለሚወዳት ሳይሆን ባሏንና ቤቱን ለመበቀል ነው። ከወንድና ሴት ጉዳይ አጠገብ አሳማ ሲታረድ ይጮኻል፤ ዝንብ በሸረሪት ድር ላይ ይጣላል፤ አቧራው፣ የደረቀው ግራርና የተሰነጠቀው ግድግዳ ምሕረት የላቸውም። የካታሊና ወንድም ሪካርዶ ሰካራም ነው፤ ቁማር ርስቱን በልቶበታል፤ ቀድሞ ሲያዋርደው በነበረው በአሌሃንድሮ እጅ ወድቆ በገዛ ቤቱ ጥገኛ ሆኗል። ትናንት አሽከር የነበረው ዛሬ ጌታ ሆኗል፤ ነገር ግን ጌትነቱ የጌቶቹን ጭካኔ አልቀነሰለትም፤ አበዛለት እንጂ። ተመልካች ከማን ጋር እንደሚቆም ግራ ይገባዋል። አዘጋጁ የፈለገውም ይህንኑ ይመስላል።

የፊልሙ ፍጻሜ ከመካከሉ ይልቅ ይታወሳል። ካታሊና በወሊድ ትሞታለች። አሌሃንድሮ በሌሊት ወደ መቃብሯ ይሄዳል፤ የመቃብር ቤቱን በር ሰብሮ ይወርዳል፤ የሣጥኗን ክዳን ያነሣል፤ ይስማታልም። ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ዞር ሲል ካታሊና ነጭ የሙሽራ መከናነቢያ ለብሳ በደረጃው ላይ ቆማ እጅዋን ትዘረጋለታለች። ፊቱ በደስታ ይበራል። በቅጽበት የሙሽራዋ መልክ ይጠፋና በቦታዋ ወንድሟ ሪካርዶ ጠመንጃ ደግኖ ይታያል። ጥይቱ ይተኮሳል፤ አሌሃንድሮም በሬሳዋ ላይ ይወድቃል፤ በሩ ይዘጋል። እዚህ ላይ የሙዚቃውና የተዋንያኑ ጉድለት ሁሉ ይረሳል። ሕልሙና ጠመንጃው በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ዐይነት አቋቋም፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ይታያሉና የትኛው እውነት፣ የትኛው ቅዠት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ተመልካች አይኖርም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሰውየው ያየው ሙሽራውን ነው፤ የገደለው ጠመንጃው ነው።

እንዲህ ያለው አሠራር ለጎጃም ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤት ደጅ የጠና ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ማየትን ነው። ሰሙን ይሰማል፤ ወርቁን ይፈልጋል። ሰሙ ቀልጦ ሲፈስ ወርቁ ይወጣል ይባላል እንጂ ዐዋቂ መምህር ሰሙንም አይንቀውም፤ ሰሙ ካልቆመ ወርቁ መያዣ የለውምና። የቡኙኤል የመቃብር ትርኢትም በዚህ ዐይን ሲታይ ሙሽራዋ ሰም፣ ጠመንጃው ወርቅ ነው፤ ወይም ፊልሙ በፍቅረኛው ወገን ሆኖ ከታየ ጠመንጃው ሰም፣ ሙሽራዋ ወርቅ ናት። በርግጥ ቅኔ ሕግ ያለው፣ ቤት የሚመታ፣ ለምስጋና የቆመ ጥበብ ሲሆን ሱሪያሊዝም ደግሞ ሕግን ሁሉ የሚያፈርስ ነኝ ባይ ነው፤ አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ቅኔ የሰማ ጆሮ ያላት አገር ይህን ፊልም «አይገባም» ብላ ልትመልሰው አይገባትም።

ቋንቋችንም ቢሆን የዚህን ዐይነት ፍቅር ነገር ቀድሞ ያውቀዋል። አማርኛ የጸና ፍቅር የያዘውን ሰው «ተለከፈ» ይላል፤ ለዛር፣ ለእብድ ውሻና ለፍቅር በአንድ ግስ ይናገራል። ሽማግሌ ሊመልሰው ካቃተው «መስተፋቅር አድርገውበት ነው» ይባላል፤ ነገሩ ከሰውየው ፈቃድ ውጪ የሆነ፣ ከብራና ላይ የተነሣ ኃይል ተደርጎ ይታሰባል። ይህ አነጋገር ከአጉል እምነት ጋር የተቀላቀለ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን አንድ እውነት በውስጡ አለ። እንዲህ ያለ ፍቅር ሰውየው የሚመርጠው ነገር አይደለም፤ በሰውየው ላይ የሚደርስ ነገር ነው።

አሁን ወደ ማንኩሳው ልጅ መመለስ ይቻላል። በዛብህ ከሰብለ ወንጌል ጋር ከመገናኘቱ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ገና በሕፃንነቱ፣ በሌላ ፍቅር ተይዟል። ደዌ እየደጋገመ ሲጥለው ወላጆቹ ቦጋለና ውድነሽ ልጃቸው ከዳነላቸው የእግዚአብሔር አገልጋይ እንጂ የሚስት ባል እንዳይሆን ይሳላሉ። ልጁ ይድናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕይወቱ የራሱ አይደለችም። ይህን ስለት አንባቢ ብዙ ጊዜ እንደ ታሪኩ መንደርደሪያ ቆጥሮ ያልፈዋል። መታለፍ ግን አይገባውም። እናት ልጅዋን ከሞት ለማትረፍ ስትል ልጁ ለወደፊት የሚኖረውን ዕድሜ ሁሉ በአንድ ቃል ትሰጣለች፤ ከዚህ የበለጠ ያበደ ፍቅር የት ይገኛል? በዛብህ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ሄዶ፣ ተምሮ፣ መምህር ሆኖ፣ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን እንዲያስተምር በተጠራ ጊዜ ሁለቱ ፍቅሮች ይጋጠማሉ፤ የእናቱ ስለትና የሰብለ ዐይን። ካታሊና ከነፍሴ መዳን አስበልጬ ወደድሁት ብላ በድፍረት የተናገረችውን በዛብህ በፍርሃት ይኖረዋል። ገዳዩ የፊታውራሪው ትዕቢት ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ስለትም ነው።

ሰብለ ወንጌልም እንደዚሁ። አባቷ የመጣውን ሁሉ በዘር እየለኩ ሲመልሱ ዕድሜዋ እያለፈ በቤት የቀረች ልጅ ናት፤ በኤድዋርዶ ሣጥን ውስጥ በመርፌ ተወግተው ከተደረደሩት ቢራቢሮዎች ጋር ብትመሳሰል ያለ ነገር አይደለም። የገበሬ ልጅ የሆነውን መምህሯን መውደዷ የሥርዐቱን መሠረት የሚነቀንቅ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የአበጀ በለው ሰዎች ያመፁት በግብር ላይ ነው፤ ግብር ሊቀነስ፣ ሊደራደሩበት ይቻላል። የሰብለ ፍቅር ድርድር የለውም። ፊታውራሪ መሸሻ በገበሬዎች ተሸንፈው እንኳ ፊታውራሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልጃቸው ለቦጋለ ልጅ ብትሰጥ ግን በራሳቸው ዐይን ሰው መሆናቸው ይቀራል።

እስከዚህ ድረስ ፊልሙና መጽሐፉ አብረው ይሄዳሉ። ከዚህ በኋላ ይለያያሉ፤ ልዩነታቸውም ቀላል አይደለም።

በምዕራብ ጎጃም ባላገር ያስተማረ መምህር «ያበደ ፍቅር» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሱሪያሊስቶቹ ግጥም ብቻ አይታወሰውም። አንድ ሰኞ ከክፍል የቀረች፣ ከዚያም ሳትመለስ የቀረች ተማሪ ትታወሰዋለች። ጠለፋ በአገራችን ለረጅም ዘመን የፍቅር አንድ መንገድ ተደርጎ ተነግሮለታል፤ «ቢወዳት ነው» ተብሏል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን መንገድ ትቶ ነበር። ይህ መንገድ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ነው። የጋብቻ ዕድሜም በ1992 በፌዴራሉ፣ በ1995 በዐማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ሆኖ ተደንግጓል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2006 ዓ.ም. ለሕዝብ ባቀረበው «ድፍረት» በተሰኘው ፊልም ነገሩን ከተጠለፈችው ልጅ ወገን ሆኖ አሳይቶታል። በዚያ ፊልም ውስጥ ሕልም የለም፤ ሙሽራ በደረጃ ላይ ቆማ አትታይም። መሮጥ፣ ፈረስ፣ ጠመንጃና ፍርድ ቤት ብቻ አለ። እንዲያ መሆኑም ትክክል ነው።

ታዲያ መስኮት ሰብሮ የሚገባውን፣ ኢሳቤልን ለበቀል አግብቶ የሚያሠቃየውን አሌሃንድሮን ማድነቅ ይገባል ወይ? ለዚህ ጥያቄ ፊልሙ ራሱ ግማሽ መልስ ይሰጣል። ቡኙኤል ጀግናውን አያድንም፤ የኢሳቤልን ፊትም ከካሜራው አይሰውርም። ያበደው ፍቅር ዋጋ የሚከፈለው ባልወደደ ወይም ባልተወደደ ሰው መሆኑን በግልጥ ያሳያል። ይሁን እንጂ አሌሃንድሮ በመጨረሻ በሙሽራዋ ራእይ ይከበራል፤ ኢሳቤል ግን ምንም ራእይ አይሰጣትም። ይህ የፊልሙ ጉድለት ነው፤ ሱሪያሊስቶቹ ስለ ያበደ ፍቅር ሲጽፉ የሚያብደው ወንድ፣ የምታሳብደው ሴት መሆኗን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የመቁጠራቸው ውጤት ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከቡኙኤል ርቀው የሄዱት እዚህ ላይ ነው። በዛብህ መስኮት አይሰብርም። ጠለፋ አይዶልትም፤ ጠመንጃ አይጨብጥም። ይፈራል፤ ሸሽቶም አዲስ አበባ ይገባል። በዚህ ምክንያት ብዙ አንባቢ በዛብህን ደካማ ነው ብሎ ይወቅሰዋል፤ ተማሪዎችም በክርክር ሰዓት «ምን ዓይነት ወንድ ነው?» ማለታቸው የተለመደ ነው። የደራሲው ጥበብ ግን በዚሁ ድካም ውስጥ አለ። ወንዱ ስለማይነጥቅ ሴቷ የመምረጥ ቦታ ታገኛለች። ከአባቷ ቤት የምትወጣው ሰብለ ናት፤ መነኩሴ መስላ የምትጓዘው፣ መንገዱን፣ ውርጩንና የዐባይን በረሃ በእግሯ የምትጋፈጠው እርሷ ናት። የጎጃም መንገድ ከዚያ በፊት ባሏን ፍለጋ የወጣች የባላባት ልጅ አይቶ ከሆነ እንኳ መጽሐፍ አልጻፈላትም ነበር። እርሱም ሊፈልጋት ተነሥቶ በመንገድ ቆስሎ ከሞት አፋፍ ሲደርስ ትደርስበታለች። መጽሐፉ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሊለያያቸው ነው።

ይህም ፍጻሜ በራሱ መንገድ ከቡኙኤል የመቃብር ቤት የማያንስ እንግዳ ነገር ነው። በአንድ ስፍራ መገናኘትና መለያየት፣ ሰርግና ለቅሶ ተደርበዋል። ነገር ግን የሣጥን ክዳን አይነሣም፤ ሬሳ አይሳምም። ሰብለ ቆብ ትጭናለች፤ በዛብህ እንዲጠብቀው በሕፃንነቱ የተሳለለትን የምንኩስና ኑሮ እርሷ ትፈጽምለታለች። የውድነሽ ስለት ተከፈለ፤ ከፋዩ ግን ሌላ ሰው ነው። አሌሃንድሮ ከመቃብር ወዲያ ያለውን በጉልበት ሊሰብር ይሞክራል፤ ሰብለ በደጁ ትቀመጣለች። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ያበደ ነው የሚለውን መፍረድ ያስቸግራል።

በነገራችን ላይ ሐዲስ መጽሐፋቸው ከመታተሙ በፊት በነበሩት ዓመታት በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ነበሩ። ከዚህ ተነሥቶ የብሮንቴ መጽሐፍ ነክቷቸዋል ብሎ ለመደምደም መሞከር ግን ፍሬ ያለው አይመስልም። በእንዶዳም ተወልዶ፣ በደብረ ኤልያስና በዲማ ተምሮ፣ ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር ዘምቶ፣ በጣልያን አገር በእስር የኖረ ሰው ስለ ጽናትና ስለ መለየት ለመጻፍ የእንግሊዝ ኮረብታ አያስፈልገውም።

የቀረው ጥያቄ የፊልም ጥያቄ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ለብዙ ሰው የደረሰው በዐይን ሳይሆን በጆሮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ፣ ፊደልም ያልቆጠረ ሰው ሰምቶታል። ሬዲዮ መልክ አያሳይምና እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ሰብለ፣ የራሱን ማንኩሳ በልቡ ሠራ። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያና በ2017 መባቻ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ መቅረብ በጀመረ ጊዜ «የእኔ ሰብለ ይህች አይደለችም» የሚል ቃል መሰማቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ማንም አዘጋጅ ቢሆን ከዚህ አያመልጥም ነበር። ችግሩ የአንድ አዘጋጅ አይደለም። መልክ ለተሰጠው ሕልም የሚከፈል ዋጋ ነው።

ወደፊት ይህን መጽሐፍ ለመቅረጽ የሚነሣ ሰው ከሜክሲኮው ፊልም የሚወስደው ነገር ካለ ሬሳውንና ጥንብ አንሣዎቹን አይሆንም። የሚወስደው ፍቅሩን ለማሳመር አለመቸኮልን ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ፣ የአደይ አበባ መስክና የዋሽንት ድምፅ ሰብለን ከታሪኳ ይልቅ ከቀን መቁጠሪያ ሥዕል ጋር ያመሳስሏታል። ብር ሸለቆ በበጋ፣ የጤፍ ነዶ ከታጨደ በኋላ የቀረው ቃርሚያ፣ በደበሎው ውስጥ የሚንቀጠቀጥ የቆሎ ተማሪና በደጅ የሚጮኽ ውሻ ይበቁ ነበር። ካሜራውም ከፊታውራሪው አዳራሽ ባይጀምር ይሻላል። በማንኩሳ በአንዲት ጠባብ ጎጆ፣ በምድጃ ብርሃን፣ የሕፃኑ ትኩሳት ሲያይል፣ እናቲቱ እጅዋን ወደ ጣራው ዘርግታ ገና ምን እንደምትሰጥ ሳታውቅ አፏን ስትከፍት ቢጀምር፤ አባትየውም ከጎኗ ሆኖ ቃሉን እንዳትናገር ሊከለክላት፣ ደግሞም ቶሎ እንድትናገረው ሊለምናት ሲያመነታ ቢታይ።